ከግድግዳ ሥዕል ቀድቶ ስለ መማር

አንድ ወዳጃችን በቅርቡ ሲያጫውተን፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ከመጽሐፍ ያገኘውን የጥንት የኢጣልያ ሥዕል በእርሳስ ሲቀዳ አግኝቶት፥ «የሰው ሥራ መስረቅ ምን ትምህርት ይባላል» ብሎ ወረቀቱን እንደ ቀደደበት ነገረን። ልጁ አላለቀሰም፤ ቍርጥራጩን ለቅሞ ወጣ። እኛም ወዳጃችንን ፊት ለፊት መውቀስ ስላልወደድን፥ ለሌሎችም ወላጆች እንዲጠቅም በዚህ ገጽ መጻፍን መረጥን።

ልጁ ይቀዳው የነበረው የሐዋርያው ጴጥሮስ ሥዕል፥ በፊሬንዜ ከተማ በሳንታ ማሪያ ዴል ካርሚኔ ቤተ ክርስቲያን፥ ብራንካቺ በሚባለው ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ይገኛል። ማሳቾ የተባለው ወጣት ከማሶሊኖ ጋራ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1420ዎቹ ዓመታት ሥራውን ያዘ፤ ነገር ግን ሳይፈጽመው በ1428 ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የቀረውን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ፊሊፒኖ ሊፒ ጨረሰው።

የእንደዚህ ያለው ሥዕል አሠራር ጭንቅ ነው። ሠዓሊው በአንድ ቀን ሊሥለው የሚችለውን ያህል ብቻ ግድግዳውን በኖራና በአሸዋ ይለስናል፤ ልስኑ ሳይደርቅም በውኃ የተበጠበጠውን ቀለም ይቀባዋል። ኖራው ከአየር ጋራ ሲዋሐድ ቀለሙን ይዞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የተሳሳተም ሰው ልስኑን ፍቆ እንደ ገና ለመጀመር ይገደዳል። ጴጥሮስ ግብር ሲከፍል የሚታይበት ትልቁ ሥዕል በ32 ቀን ልስን መሠራቱ ከመጋጠሚያዎቹ ተቈጥሮ ታውቋል።

ቫዛሪ በ1550 ባሳተመው የሠዓሊዎች ታሪክ፥ ሌዎናርዶና ቦቲቼሊ፥ ራፋኤልም ከዚህ ግድግዳ እንደ ተማሩ ጽፏል። ሚኬላንጄሎም በወጣትነቱ ከብዙ ሰዎች መካከል ጴጥሮስን ብቻ ለይቶ በብዕር ቀድቶታል፤ ወረቀቱ ዛሬ በሙኒክ ከተማ ተጠብቆ ይኖራል። ምን አገኘበት ቢሉ፥ ማሳቾ ብርሃኑን ሁሉ ከጸሎት ቤቱ መስኮት እንደሚገባ አድርጎ ሥሎታል። ተመልካች ይህን ሳያስተውል ያልፋል፤ የሚቀዳ ሰው ግን የእያንዳንዱ የካባ እጥፋት ጥላ በየት በኩል እንደሚወድቅ ሳይወስን መሥመሩን መጨረስ አይችልም። በአገራችንም ቁም ጸሐፊ የመምህሩን ፊደል እያየ ሳይጽፍ የራሱ እጅ አይወጣለትም፤ ይህንም ስርቆት ያለው የለም።

ደግሞ ሚኬላንጄሎ በዚያ በሚሥሉት ባልንጀሮቹ ላይ መቀለድ ያዘወትር ነበርና፥ ቶሪጃኖ የተባለው አንድ ቀን ተቈጥቶ በጡጫ አፍንጫውን ሰበረው፤ እስከ ዕለተ ሞቱም እንደ ተጣመመ ቀረ። ወዳጃችን አፍንጫው ስለ ተረፈ ያመስግን።

ለወላጆች አንድ ነገር እናሳስባለን። በ1771 ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ጸሎት ቤቱ ቢተርፍም ሥዕሉ በጢስ ጠቍሮ ነበር፤ በ1980ዎቹ ሲጸዳ ግን ከጥቀርሻው ሥር ብሩህ ቀለም ወጣ። በመካከሉ የቀዱት ሁሉ ጢሱንም አብረው ቀድተዋል። ስለዚህ ለልጅ መጽሐፍ ሲገዙ፥ ፎቶግራፉ ከጽዳቱ በኋላ የተነሣ መሆኑን ይመልከቱ።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ከነገርነው በኋላ ጥሩ ወረቀትና እርሳስ ገዝቶ በልጁ ጠረጴዛ ላይ አኑሮለታል። እስከ ትናንት ድረስ ግን ልጁ አልነካውም።