የወደቀውን ለማውጣት ወደ ጉድጓድ አትውረዱ

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት አጠቃቀም ነው። በዚህ ወር ግን እኔ ለምኖርባት ለጋምቤላና ለአካባቢዋ በጣም ቅርብ የሆነ፣ በሌላ ቦታም ላላችሁ የማይቀር ሌላ ጉዳይ አንስቻለሁ። ይኸውም በመፀዳጃ ጉድጓድ፣ በውኃ ጉድጓድ፣ በውኃ ማጠራቀሚያና በእህል ጎተራ፣ በአጠቃላይ አየር በማይዘዋወርባቸው ጠባብ ቦታዎች ውስጥ ሲሠራ ስለሚደርሰው አደጋ ነው።

የዚህ አደጋ ወሬ በየትም አገር አንድ ዓይነት ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ጉድጓድ ሊያጸዳ ይወርዳል፤ ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ይጠፋል። ጓደኛው «አዙሮት ይሆናል» ብሎ ተከትሎት ይወርዳል፤ እሱም አይመለስም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ወንድም ነው፣ ወይም የቤቱ ባለቤት ልጅ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው ከሚያወጣቸው የአደጋ ዜናዎች መካከል በመፀዳጃና በውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች ጉዳይ ይገኝበታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ከሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ መሆናቸውን ገልጿል። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። አብዛኞቹ ሟቾች ለሥራ የገቡት አይደሉም፤ ለእርዳታ የገቡት ናቸው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከመቶ 21 እጅ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ይህ መጠን ከ19.5 በታች ሲወርድ አየሩ ለሰው የማይበቃ ሆኗል ይባላል። ወደ 10 ሲጠጋ ሰው ራሱን ይስታል፤ ከ6 በታች ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅንን የሚያጠፋው መበስበስ ነው። እዳሪ፣ ቅጠል፣ የሞተ እንስሳ፣ የእንጨት ብስባሽ ሁሉ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይወስድና በምትኩ ሌሎች ጋዞችን ይለቃል። ከእነዚህ መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ እንደ ውኃ ወደ ታች ይተኛል። ክዳኑን ስለከፈታችሁት ብቻ ተነሥቶ አይወጣም። የዚህን ጋዝ ጠባይ ለመረዳት ካሜሩን የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በነሐሴ 1978 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ኒዮስ ከሚባለው ሐይቅ ፈንድቶ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሸለቆው ውስጥ እየተንከባለለ ወርዶ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ከነከብቶቻቸው ገድሏል። በሜዳ ላይ እንዲህ ያደረገ ጋዝ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከመፀዳጃ ጉድጓድ የሚወጣው ሌላው ጋዝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ብዙ ሰው «ሽታው ከጠፋ አደጋው ጠፍቷል» ብሎ ያምናል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ይህ ጋዝ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ይሸታል። ወደ 100 እጅ ሲደርስ ግን የማሽተት ሕዋሳችንን ስለሚያደነዝዘው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ምንም አይሸተንም። ከ500 በላይ ሲሆን ራስን ያስታል፤ ወደ 1,000 ሲጠጋ አንድ ሁለት ጊዜ መተንፈስ ብቻ ሰውን ይጥለዋል። እንግዲህ ለመጮህም ሆነ መሰላሉን ለመያዝ ጊዜ የለም። ሁለተኛው ሰው «እኔ ጠንካራ ነኝ፣ ትንፋሼን ይዤ ቶሎ አወጣዋለሁ» ሲል የማያውቀው ይህን ነው። ከባድ ሰው የሚያነሣ ሰው ደግሞ ሳይወድ በግድ ይተነፍሳል።

ወደ ከተማችን እንምጣ። ጋምቤላ ሞቃት ናት፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሙቀት መበስበስን ያፋጥናል፣ ጋዙንም ያበዛል። አብዛኛው ቤት የሚጠቀመው በጉድጓድ መፀዳጃ ነው። መሬቱ ደግሞ የባሮ ደለል በመሆኑ ክረምት ሲመጣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ይልና ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ ከተማው ውስጥ በገባ ጊዜ ስንቱ መፀዳጃና ስንቱ የውኃ ጉድጓድ አብሮ እንደተበላሸ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከእንዲህ ዓይነት ክረምት በኋላ አካፋና ባልዲ ይዞ በቁርጥ ዋጋ ጉድጓድ የሚያወጣ ልጅ መፈለግ የተለመደ ነው። ዋጋ እንከራከራለን፤ ገመድ ይዞ እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

የመፀዳጃ ጉድጓድ አንድ የተለየ ተንኮል አለው። ላይ ላዩ ሰላም መስሎ ይቆይና ዝቃጩ በአካፋ ሲነካካ በውስጡ ታምቆ የኖረው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ «ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ምንም አልሆነም» ማለት ዋስትና አይደለም።

የውኃ ጉድጓድም «ንጹሕ ነው» ተብሎ አይናቅ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ አቦቦና ወደ ሌሎች አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎችም ሆኑ ነባሩ ነዋሪ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን በሚገባ ያውቁታል። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ፣ ቅጠል የገባበት ወይም እንስሳ የሞተበት ጉድጓድ ኦክስጅን ላይኖረው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን በቤንዚን የሚሠራውን የውኃ ፓምፕ ጉድጓዱ ውስጥ አውርዶ ማስነሣት ነው። ሞተሩ የሚያወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ጭሱ የማይታይ ቢሆንም ጋዙ እዚያው ነው። ሞተር ምንጊዜም ከጉድጓዱ ውጭ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ በማይመልስበት በኩል ይቀመጥ፤ ቱቦው ብቻ ይውረድ።

ከሐረርጌ የመጣችሁ ደግሞ ማሽላ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። እህሉ ራሱ ስለሚተነፍስ በታሸገው ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ነቀዙ የሚሞተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነቀዙን የገደለው አየር ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው ለሚገባ ሰውም አይራራም።

ወደ መድኃኒት ቤት መጥተው ለዚህ ሥራ «የሚከላከል ነገር» የሚጠይቁ አሉ። በኮሮና ጊዜ የለመድነው የአፍ መሸፈኛ ጋዝን አያጣራም፤ ሁለት ሦስት ቢደራረብም ያው ነው። በሎሚ የራሰ ሻሽ ሽታውን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ኦክስጅን አይጨምርም። ወተት ጠጥቶ መግባት ወይም ወጥቶ መጠጣት በጋራዥና በቀለም ቅብ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። ወተት ወደ ጨጓራ ነው የሚሄደው፤ ጋዙ ግን በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ገብቷል። (ወተቱን ለልጆቹ ቢወስድላቸው ይሻላል።) በረኪና ወደ ጉድጓዱ አፍስሶ «አጸዳሁት» ማለትም አደገኛ ነው። በረኪና ከመፀዳጃ ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ በአንድ ጉድጓድ ላይ ሌላ መርዝ ጨመርን ማለት ነው።

ሻማ ወይም ኩራዝ በገመድ አውርዶ መፈተንም አሮጌ ዘዴ ነው። መብራቱ ከጠፋ በእርግጥ አትግቡ። ባይጠፋ ግን ሃይድሮጂን ሰልፋይድም ሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሌለ አይነግረንም። ከዚህም በላይ ጉድጓዱ ውስጥ ሚቴን ካለ እሳቱ ሊፈነዳ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ራሱን የሳተውን ሰው ለማሽተት ጉድጓድ አፍ ላይ ክብሪት መጫር ፈጽሞ አይገባም።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? የመጀመሪያው ምርጫ ሰው ባይገባ ነው። የፍሳሽ መምጠጫ መኪና የሚደርስበት ቦታ ከሆነ ዋጋው ቢከብድም ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ማስመጣት ይቻላል። መኪና የማይደርስበት ከሆነ ረጅም እጀታ ባለው ባልዲ ከላይ ሆኖ መቅዳት ይቻላል። ህንድ ሰው ገብቶ የመፀዳጃ ጉድጓድ እንዳያጸዳ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ2013 ሕግ አውጥታለች፤ እንዲህም ሆኖ ዛሬም በዚሁ ሥራ ሰው ይሞትባታል።

መግባት ግድ ከሆነ ክዳኑ አስቀድሞ ለብዙ ሰዓታት ተከፍቶ ይቆይ፤ በማራገቢያና በሰፊ ቱቦ ንጹሕ አየር እስከ ታች ድረስ ይግባ፤ ሰውየው እስኪወጣም አይቋረጥ። የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ኦክስጅንን፣ ሚቴንን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጂን ሰልፋይድን በአንድ ጊዜ የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ከመግባት በፊት በገመድ አውርዶ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች መለካት እውነተኛው ፈተና ይህ ነው። የምትዋዋሉት ባለሙያ ይህ መሣሪያ ከሌለው ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ መሣሪያው ተነጋገሩ።

ገመዱ የሚታሰረው ሰውየው ከመውረዱ በፊት ነው። ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ገመድ የዛለን ሰው እጥፍ አድርጎ ትንፋሹን ይከለክለዋል። የሚያስፈልገው የሕንፃ ሠራተኞች ከፍታ ላይ የሚታጠቁት፣ በትከሻና በጭን የሚያልፈው ቀበቶ ነው። የገመዱ ሌላኛ ጫፍ ከላይ በመዘውር በኩል አልፎ በሁለት ጠንካራ ሰዎች እጅ ይሁን፤ ራሱን የሳተ ሰው በባዶ እጅ ከስምንት ሜትር ጥልቀት አይጎተትም። ከላይ ያሉት ሰዎች ስልክ አያወሩም፣ ለሻይ አይሄዱም። በየጊዜው ይጠሩታል፤ ካልመለሰ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ይጎትታሉ።

የመስጊድ ኮሚቴዎችንም ይህ ይመለከታል። ረመዳን ሲቃረብ ወጣቶች ተሰባስበው የዉዱእ ቦታውን፣ የውኃ ማጠራቀሚያውንና መፀዳጃውን ያጸዳሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በጎ ፈቃደኛ ስለሆነ ብቻ ያለ ገመድ የሚወርድ ልጅ አይኑር። የኮንክሪት ማጠራቀሚያም ሆነ ትልቅ ሮቶ ውስጥ ገብቶ በበረኪና ማጠብ በተዘጋ ቦታ የክሎሪን ትነት መሳብ ነው። በረጅም መጥረጊያ ከውጭ ማጠብ የሚቻል ከሆነ እሱ ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቀውና መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጠው ያዛል። በየቤቱ በቁርጥ የሚሠራውን ልጅ ግን ማንም መጥቶ አይቆጣጠርለትም፤ ያለው ተቆጣጣሪ ያሠራው ሰው ነው። አማናም ነው።

መደርመስ ሌላው ገዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል ሲቆፍሩ 20 ያህል ሰዎች ዋሻ ተደርምሶባቸው እንደነበር በየዜናው ሰምታችኋል። በእኛም ክልል ዲማ አካባቢ ወርቅ በባህላዊ መንገድ የሚቆፍሩ ብዙዎች ናቸው። የደለል መሬት ሲደርቅ ጠንካራ መስሎ ዝናብ ሲነካው ይናዳል፤ ጎኑ ሳይደገፍ ከሰው ቁመት በታች መቆፈር አይገባም።

ሱቅና መጋዘን ላላችሁ ደግሞ አንድ ቃል። ለእህል ነቀዝ የሚቀመጠው ፎስቶክሲን የሚባለው እንክብል ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን ጋዝ ያወጣል። የጋምቤላ ክረምት እርጥበት ምን ያህል እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ይህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የተቀመጠበት መጋዘን አጠገብ፣ ግድግዳው በሚጋራ ክፍል ውስጥ ልጆች አይተኙ። መጋዘኑ ሲከፈት በሩና መስኮቱ ተከፍቶ በደንብ እስኪናፈስ ማንም አይግባ።

አደጋው ከደረሰስ? ሰው ከወደቀ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የሚወርደውን ሁለተኛ ሰው መያዝ ነው፤ አስፈላጊ ከሆነ በጉልበት። ታስሮ ከነበረ በገመዱ ጎትቱት። ካልታሰረ ንጹሕ አየር በማራገቢያ ወደ ታች እየነፋችሁ ለፖሊስ፣ ለሆስፒታልና በ907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ፤ «ጉድጓድ ውስጥ ራሱን ስቷል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ቆሞ ማየት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እናቱ እየጮኸች ነው። ቢሆንም የመተንፈሻ ሲሊንደር የሌለው ሰው አይውረድ።

የወጣውን ሰው ነፋስ ወዳለበት ወስዳችሁ በእዳሪ የራሰውን ልብስ አውልቁለት። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። የማይተነፍስ ከሆነ በደረቱ መካከል መዳፋችሁን ደራርባችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ተጫኑ፤ ሲደክማችሁ ተቀያየሩ። ውኃ፣ ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አታጠጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ነቅቶ «ደኅና ነኝ» ቢልም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሳበ ሰው ሳንባው ውስጥ ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ማታ ቤቱ ተኝቶ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አለ። ለሐኪሙም ምን ዓይነት ጉድጓድ እንደነበረ፣ ሞተር ውስጡ ይሠራ እንደነበርና ራሱን ስቶ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ንገሩት።