ታፈኖኪን፤ አዲሱ የወባ መድኃኒትና የተከዜ ቆላ

ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ በፃግብጂ አድርጎ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ጧት በጋቢ ተጠቅልሎ የጀመረውን ጉዞ፣ ከቀትር በኋላ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ ላቡን እየጠረገ ይፈጽመዋል። በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚኖረው የዋግ ሕዝብም ኑሮውን በሁለቱ አየር መካከል ከፍሎ፣ ማሽላውንና ፍየሉን ከቆላው፣ ገብሱንና በጉን ከደጋው እያገኘ ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። አበው ንዳድ እያሉ የጠሩት ደዌ በቆላው እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ስለ ነበር፣ የትንኝን ነገር ማንም ሳይነግራቸው፣ የቀን ሥራቸውን ፈጽመው ሌሊቱን በከፍታ ማሳለፍን ልማድ አደረጉ፤ በሀገራችን ብዙ መንደሮች ከለሙት ሸለቆዎች ርቀው በአምባና በተረተር ላይ የሰፈሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ፍርሃት ነው።

ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. መግቢያ የዘለቀው ወረርሽኝ፣ ደዌው አይደርስበትም ይባል ወደ ነበረው ከፍታ ጭምር ወጥቶ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ነፍስ እንዳጠፋ ተገምቷል፤ መንግሥትም ወባን የሚያጠፋ ድርጅት ያቋቋመው ከዚህ መቅሠፍት በኋላ ነው። ይህን የአያቶቻችን ዘመን ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መባቻ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች መመዝገባቸውን ማስታወቁን ይመልከት። ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚወርደው የዋግ ወጣት፣ በተከዜ ግድብ ሐይቅ ዳር መረብ ጥሎ የሚያድረው ዓሣ አጥማጅ፣ አበው በልማድ ያጠሩትን የሌሊት አጥር ለእንጀራው ሲል አልፎ የወጣ ሰው ነው።

ወባ ስንል አንድ በሽታ የጠራን ቢመስለንም በሀገራችን በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም የተባለው በጥቂት ቀናት ውስጥ አእምሮን አስቶ የሚገድለው ነው፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ ኳርተም እያለ በሚጠራው ጥምር መድኃኒት ይታከማል። ሁለተኛው ቫይቫክስ ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ገዳይነቱ ያነሰ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ተንቆ ኖሯል፤ እኔ ግን በዋግ ላለ ደሃ ገበሬ የበለጠ አድካሚው እርሱ ይመስለኛል። ትንኟ ስትነድፍ የምታስገባው ተሐዋሲ አስቀድሞ ወደ ጉበት ይገባል፤ ይህንን የተሰወረ ማደሪያ ሾርትና ጋርናም የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት በ1940 ዓ.ም. ገለጡት። ከተሐዋሲው ከፊሉ በጉበት ተራብቶ ወደ ደም ሲወጣ ትኩሳቱና ብርዱ ይነሣል፤ የቀረው ግን በዚያው በጉበት ውስጥ ለሳምንታት፣ ለወራትም ተኝቶ ይቆያል። ክሎሮኪን የተባለው የቆየ መድኃኒት በደም ያለውን ያጠፋል፣ በጉበት የተኛውን ግን አይነካውም፤ ስለዚህ በመስከረም ታሞ፣ ታክሞ፣ ድኖ ወደ ደጋው የወጣ ሰው፣ አንዲት ትንኝ ሳትነድፈው፣ ማታ በዐመድ የተዳፈነ ፍም ጧት እንደሚቀጣጠል ሁሉ፣ በጥር እንደ ገና ይንቀጠቀጣል። እናትየው ብርድ መታው ትላለች፤ ጎረቤት ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ በየጊዜው የሚያገረሸው ደዌ ግን ደሙን እየጨረሰ፣ ጣፊያውን እያሳበጠ፣ የሥራ ቀኑን እየበላ ይሄዳል።

በጉበት የተኛውን የሚያጠፋ መድኃኒት ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ጦር በዘመተበት በኮርያ ጦርነት ጊዜ፣ ከዚያ የሚመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ከአገራቸው ከገቡ በኋላ በቫይቫክስ እየወደቁ ስላስቸገሩ፣ ፕሪማኪን የተባለው ቅመም በ1944 ዓ.ም. ጸድቆ ይሰጣቸው ጀመር፤ እስከ ቅርብ ጊዜም ለዚህ ግብር ብቸኛው እርሱ ነበር። ጭንቁ ያለው ከርዝመቱ ነው፤ በተለመደው ሥርዐት በየቀኑ ለ14 ቀን ይዋጣል። ሕመምተኛው ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቀዋል፤ ማሽላው ወፍ ይጠብቃል፣ ሰሊጡ አጫጅ ይፈልጋል፤ የተሻለው ሰው የቀሩትን ክኒኖች በጨርቅ ቋጥሮ በጎታው ሥር ያኖራቸዋል፣ ወይም ለታመመ ዘመዱ ያካፍላቸዋል። ሰነፍ ነው ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጤነኛ ሆኖ የተሰማውን ሰው ዐሥራ አራት ቀን ሙሉ በሽተኛ ነህ ብሎ ማሳመን በከተማም ቢሆን የማይሳካ ልፋት መሆኑን ማንም ሐኪም ያውቃል።

ታፈኖኪን የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። በአሜሪካ ዋልተር ሪድ የጦር ምርምር ተቋም በ1970 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ አርባ ዓመት ያህል በምርመራና በፈተና ቆይቶ፣ ግላክሶስሚዝክላይን የተባለው ኩባንያና ለወባ መድኃኒት የቆመ ማኅበር በኅብረት አብስለውት፣ ሐምሌ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ አጸደቀው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ አውስትራልያ በውሃ የሚሟማ ባለ 50 ሚሊግራም ክኒን ከሁለት ዓመት ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ፈቀደች። አዋቂ ሰው የሚወስደው 300 ሚሊግራም፣ ይኸውም ሁለት ክኒን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ክሎሮኪኑን እንደ ልማዱ ለሦስት ቀን ይወስዳል፣ የጉበቱ ነገር ግን በዚያው በጤና ጣቢያው ደጃፍ ያልቃል። ምሥጢሩ በሰውነት ውስጥ በሚቆይበት ዘመን ነው፤ ፕሪማኪን በሰዓታት ውስጥ ከደም ሲወጣ፣ ታፈኖኪን እኩሌታው ለመውጣት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ዐሥራ አራቱን ቀን የሚታገሠው ሰውየው መሆኑ ቀርቶ መድኃኒቱ ራሱ ይሆናል።

ይህንን ካረጋገጡት ፈተናዎች አንዱ በኢትዮጵያ፣ በጎንደርና በጅማ ጭምር፣ ከፔሩ፣ ከብራዚል፣ ከካምቦድያ፣ ከታይላንድና ከፊሊፒንስ ጋር በ522 ሕሙማን ላይ የተደረገው ነው። በስድስት ወር ውስጥ ደዌው ሳያገረሽባቸው የቆዩት ታፈኖኪን ከወሰዱት 62.4 በመቶ፣ ፕሪማኪን ከወሰዱት 69.6 በመቶ፣ ክሎሮኪን ብቻ ከወሰዱት ግን 27.7 በመቶ ናቸው። አኃዙን ያየ ሰው አሮጌው መድኃኒት ከአዲሱ በጥቂቱ በልጦ ሳለ አዲሱ ለምን ይወደሳል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ፣ በፈተናው ውስጥ ያሉ ሕሙማን ክኒናቸውን እንዲጨርሱ ብርቱ ክትትል የሚደረግላቸው መሆኑ ነው፤ በገበሬ ጎጆ ውስጥ በአምስተኛው ቀን የተተወው ፕሪማኪን ያንን 69.6 አያስገኝም።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ፤ ይህ ሳይነገር መድኃኒቱን ማወደስ ኃጢአት ይሆናልና። በአንዳንድ ሰዎች የደም ሕዋስ ውስጥ፣ ከወላጅ በሚወረስ ጠባይ፣ ጂ6ፒዲ የሚባለው ጠባቂ ቅመም ያንሳል፤ እንዲህ ያለ ሰው ፕሪማኪን ወይም ታፈኖኪን ቢወስድ ቀይ ሕዋሱ ይፈርሳል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ብጫ ይሆናል። ፕሪማኪን ሲሆን ምልክቱ እንደ ታየ ማቆም ይቻላል፤ የተዋጠ ታፈኖኪን ግን ለሳምንታት አይመለስም፤ ረጅም ዕድሜው ጥቅሙ እንደ ሆነ ሁሉ ጉዳቱም እርሱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ደም መለካት ግዴታ ነው። መለኪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ባለሙያዋ የጣትን ጫፍ ወግታ፣ አንዲት ጠብታ ከፈሳሹ ጋር ቀላቅላ በቀጭኑ ወረቀት ላይ ታኖራለች፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በመስታወቱ ላይ አኃዝ ይወጣል፤ አኃዙ ከ6.0 በላይ ከሆነ ታፈኖኪን መስጠት ይቻላል፣ ከዚያ በታች ከሆነ አይቻልም። ለነፍሰ ጡርም ጨርሶ አይሰጥም፤ የፅንሱን ደም በጣት ጫፍ መለካት አይቻልምና።

መድኃኒት ጸደቀ ሲባል አንባቢ በጥንቃቄ ሊሰማው ይገባል። በዋሽንግተን የጸደቀ በአዲስ አበባ ጸደቀ ማለት አይደለም፤ ማንኛውም መድኃኒት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመርምሮ ሲመዘገብ ነው በሕግ የሚሸጠውና የሚታዘዘው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ታፈኖኪንንና መለኪያ መሣሪያውን በጥራት ደረጃ ተቀብሏቸዋል፤ በሕክምና መመሪያው ግን ለጊዜው ታፈኖኪንን የመከረው ለደቡብ አሜሪካ ነው። ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት አለው፤ በኢንዶኔዥያ ወታደሮች ላይ ከአርቴሚሲኒን ወገን ጥምር መድኃኒት ጋር በተሰጠ ጊዜ ታፈኖኪን ደክሞ ታይቷልና፣ አጋሩ ክሎሮኪን መሆን አለበት። በእኛ ሀገር ቫይቫክስ በክሎሮኪን ስለሚታከም በሩ የተዘጋ አይመስለኝም፤ ሁለቱ ወባ ባንድ ሰው ደም ውስጥ ተገናኝተው ኳርተም በሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ነገሩ ይጠብቃል።

ከዚሁ ዘመን ፍሬዎች አንዱን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የስዊስ የመድኃኒት ባለሥልጣን ከ2 እስከ 5 ኪሎ ለሚመዝኑ ጨቅላዎች የተሠራውን ኳርተም አጸደቀ፤ እስከዚያ ድረስ ለእነዚህ ሕፃናት ተለይቶ የጸደቀ የወባ መድኃኒት ስላልነበረ፣ ሐኪም ለትልልቆቹ የተሠራውን እየከፈለ በግምት ይሰጥ ነበር። አዲሱ በእናት ጡት ወተት ጭምር ይሟማል፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። በምርመራው ስምንት የአፍሪካ ሀገሮች ተካፍለዋል፤ ኢትዮጵያ ከእነርሱ መካከል አልነበረችም፤ ይህንን የምጽፈው በቁጭት ነው።

ወደ ቫይቫክስ ልመለስና፣ ለፃግብጂ ሕመምተኛ ዛሬ የሚቀርበው ነገር እንግዲህ ፕሪማኪን ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚወሰድበት ቀን ሊያጥር እንደሚችል ታይቷል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት ሀገሮች በ2,388 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሌላ ፈተና፣ የጂ6ፒዲ ጉድለት በሌለበት ሰው፣ የቀኑ መጠን እጥፍ ተደርጎ ለ7 ቀን ቢሰጥ ከ14ቱ ቀን እንደማያንስ አሳይቷል። ለታፈኖኪንም ሆነ ለዚህ ለሰባቱ ቀን አስቀድሞ የሚያስፈልገው ያ ትንሽ መለኪያ ስለ ሆነ፣ ለዋግ የሚያስብ ሁሉ ከመድኃኒቱ በፊት መለኪያው በየጤና ጣቢያው እንዲገባ ቢጠይቅ መልካም ነው። ከቆላ ተመልሶ ተመርምሮ ወባህ ቫይቫክስ ነው የተባለ ሰውም ክሎሮኪኑን ተቀብሎ ዝም ብሎ አይሂድ፤ የጉበቱንስ መድኃኒት ብሎ ይጠይቅ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች እንደ ሆነ ደግሞ ከወለደች በኋላ እንድትመለስ ቀኑን አስጽፋ ትሂድ።