ከባቡሩ ድልድይ የሚንጠባጠበው ውሃ አይገድልም

ክረምት በገባ ቁጥር ልደታ ላይ አንድ ወሬ ይነሳል፤ ከባቡሩ ድልድይ የሚንጠባጠበው ውሃ ኮረንቲ ስላለው ከምሰሶዎቹ ሥር የተጠለለ ይያዛል የሚል። እናቶች በዚህ ወሬ ፈርተው ልጆቻቸውን ወደ ዶፉ ሲያወጡ አይቻለሁ። ወሬው ፈጽሞ ሐሰት ነው። ይባስ ብሎ ስለ ባቡሩ ኮረንቲ ልንጠይቅ የሚገባንን እውነተኛ ጥያቄ ሸፍኖብናል።

መሠረታዊውን ቶሎ እንለፈው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ኃይል የሚስበው ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ነው፤ 750 ቮልት፣ ዲሲ (አቅጣጫውን የማይለውጥ ኮረንቲ)። ገዳዩ ይህ ሽቦ ነውና ረጅም ብረት ይዞ ወደሱ መጠጋት አያድርስ። ሐዲዱ ግን ኮረንቲው የሚመለስበት መንገድ ነው። 1000 አምፔር የሚስብ ባቡር ኃይል ከሚሰጠው ማከፋፈያ ጣቢያ 1 ኪሎሜትር ቢርቅ በሐዲዶቹ ላይ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት 20 ቮልት ገደማ ነው። የአውሮፓ የባቡር ደረጃ ሰው ሊነካው በሚችል የዲሲ ሐዲድ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚፈቅደው እስከ 120 ቮልት ነው። በዚያ ላይ ጠብታ ከጠብታ የተነጠለ ስለሆነ ኮረንቲ የሚሄድበት መስመር የለም። ይህ ሐዲድ ላይ ለመውጣት ፈቃድ አይደለም፤ ባቡር እንደ መኪና በቅጽበት አይቆምም።

ዋናው ነገር ያ 20 ቮልት የሚሠራው ሥራ ነው። ገበሬ በቦይ የለቀቀው ውሃ ሁሉ ማሳው እንደማይደርስ፣ በሐዲዱ ከሚመለሰው ኮረንቲም ጥቂቱ ወደ መሬት ይሰርጋል። ባካኝ ኮረንቲ እንበለው። መሬት ውስጥ የብረት ቧንቧ ካገኘ፣ ብረት ከአፈር ይልቅ ስለሚመቸው ይገባበታል፤ በቧንቧው ተጉዞ ማከፋፈያው አጠገብ ሲደርስ ይወጣል። ሲገባ ብዙም አይጎዳም። ሲወጣ ግን በመውጫው ያሉት የብረት አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን ጥለው ወደ እርጥቡ አፈር ይሟሟሉ። ማይክል ፋራዴይ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሕግ ስናሰላው፣ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚወጣ 1 አምፔር 9 ኪሎ ያህል ብረት ይበላል። ያውም እኩል አይበላም። ቧንቧው ተለብጦ ልባጩ አንድ ቦታ ብቻ ከተላጠ፣ ኮረንቲው ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ስለሚወጣ ቶሎ ይበሳዋል።

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በ25,000 ቮልት እየተነዳ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። የእሱ ኮረንቲ ኤሲ ነው፤ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ስለሚለውጥ አሁን የወሰደውን ብረት ወዲያው አብዛኛውን ይመልሳል። ዲሲ የወሰደውን አይመልስም።

ልደታን የተለየ የሚያደርገው ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም ጀምሮ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ አንድ ሐዲድ ተጋርተው መጥተው የሚለያዩበት መሆኑ ነው፤ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው በአብነት በኩል ወደ አውቶቡስ ተራ። በጋራው ሐዲድ ላይ የሁለቱም መስመር ባቡሮች የመልስ ኮረንቲ ሊደመር ይችላል፤ ሲደመር ቮልቴጁ ያድጋል፣ ስርገቱም አብሮ። ድልድዩ ላይ ደግሞ የሚሰርገው ኮረንቲ ከሐዲዱ ሥር የሚያገኘው አፈር ሳይሆን በኮንክሪት የተሸፈነ ፌሮ ነው። ፌሮ ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሐዲዱን ከኮንክሪቱ የሚለዩት የጎማ ንጣፎች ንጹሕና ደረቅ ሆነው መቆየት ያለባቸው ለዚህ ነው። ጭቃና የብረት ብናኝ የተከመረበት ንጣፍ ኮረንቲ ያሳልፋል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባኛል። የዛገ ቧንቧ ሁሉ የባቡር ሰለባ አይደለም፤ ውሃ የሚቋጥረው የደቡብ አዲስ አበባ ዋልካ አፈር ብቻውን ብረት ይበላል። የፕላስቲክ ቧንቧን ደግሞ ባካኝ ኮረንቲ አይነካውም። እኛ መሐንዲሶችም መፍትሔው ላይ አንስማማም። የማከፋፈያውን አሉታዊ ጫፍ ከመሬት ጋር ካገናኙት የሐዲዱ ቮልቴጅ ይቀንሳል፣ የሚሰርገው ኮረንቲ ግን ይበዛል፤ ካላገናኙት ተቃራኒው ይሆናል። በዳዮድ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይለፍ የሚሉ አሉ። እኔ አለማገናኘቱን እመርጣለሁ፤ የሐዲዱ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ለአፍታ ከመሬት የሚያገናኝ መከላከያ አብሮት እስካለ ድረስ።

ክርክሩን የሚዳኘው ልኬት ነው። በቧንቧውና አፈሩ ላይ በሚተከል የመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ መካከል ያለው ቮልቴጅ ቀንና ሌሊት ይመዘገባል። ባቡር ባለፈ ቁጥር የሚዋዥቅ፣ ባቡሮቹ ሲያርፉ የሚረጋ ከሆነ፣ እዚያ ባካኝ ኮረንቲ አለ። ቀን ከሌሊት ሳይለወጥ ከቆየ ደግሞ ለዝገቱ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው።