በቤት ለሚማር ልጅ ምርጫ ስለ መስጠት

የልጅ ትምህርት የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ደጅ አይደለም። ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ መናገርንና ሰው ማክበርን ከእናት ከአባቱ ይማራል። ነገር ግን ትምህርቱ ሁሉ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ብዙ ወላጆች ይቸገራሉ። ይህም በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን በግልጥ ታይቷል። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዘጉ ልጆች ለወራት ከቤት ውለዋል፤ በዩጋንዳም በመካከሉ ለአንዳንድ ክፍሎች ቢከፈቱም፣ ለሁሉም የተከፈቱት በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ነው።

በእንዲህ ያለው ጊዜ ወላጆች በሁለት መንገድ ሲሳሳቱ እናያለን። አንዳንዱ ከጧት እስከ ማታ እያንዳንዱን ነገር ያዛል፤ ሌላው ደግሞ ልጁን እንደ ፈለገ ይለቅቀዋል። የመጀመሪያው ልጅ ይሰለቻል፣ ሁለተኛውም ይባክናል።

ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለችው ኢጣሊያዊት ሐኪም በ1899 ዓ.ም. በሮማ ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኆች ሰፈር፣ የሕፃናት ቤት ከፍታ ነበር። መማሪያ ዕቃዎቹ በቁም ሣጥን ተቆልፈው ይቀመጡና መምህርቲቱ ታድላቸው ነበር። አንድ ቀን ሣጥኑ ሳይቆለፍ ቢቀር፣ መምህርቲቱ ዘግይታ ስትደርስ ሕፃናቱ ዕቃውን ራሳቸው ሲያወጡ አገኘቻቸው። መምህርቲቱ ነገሩን እንደ ስርቆት ቆጠረችው፤ ሞንቴሶሪ ግን ልጆቹ መምረጥ እንደሚችሉ ተረዳች። ከዚያም ወዲህ ዕቃው ልጆች በሚደርሱበት ዝቅተኛ መደርደሪያ እንዲቀመጥ አደረገች።

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። ንባብና ሒሳብ አይቀሩም፤ ምርጫው በቅደም ተከተሉና በአኳኋኑ ላይ ነው። «ልጄ፣ ንባቡን ታስቀድሚያለሽ ወይስ ሒሳቡን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ለትንሽ ልጅ ሁለት ነገር ማቅረብ በቂ ሲሆን፣ ከፍ ያለው ልጅ ግን የቀኑን ሥራ ራሱ ጽፎ ሊያወጣ ይችላል። የመረጠውንም እንዲፈጽም መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምርጫው ጨዋታ ብቻ ይሆናል።

የቤት ሥራም ትምህርት ነው። ዱቄት በጣሳ የሚለካ ልጅ ግማሽንና ሩብን ያውቃል። ይሁን እንጂ እኅቲቱ ውኃ ስትቀዳና ወጥ ስትሠራ ውላ፣ ምርጫው ለወንድሟ ብቻ ቢተርፍ፣ ይህ አድልዎ እንጂ ምርጫ አይባልም። ሥራው ለሁለቱም ሲካፈል ጊዜውም ለሁለቱም ይተርፋል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ይህን አሳብ ሲሰሙ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይሉ ይሆናል። ሥጋታቸውን አንንቅም፤ መከባበር የቤታችን መሠረት ነውና። ዳሩ ግን ወሰኑን የሚያበጀው ወላጅ ስለ ሆነ፣ ልጁ በዚያ ወሰን ውስጥ ቢመርጥ የወላጅ ክብር አይጓደልም። በልጅነቱ አንዳች ነገር ሳይመርጥ ያደገ ሰው፣ ነገ በቢሮ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የአለቃውን ቃል ከመጠበቅ በቀር ሌላ አይሆንለትም፤ ባለጉዳዩም በደጁ ቆሞ ይውላል። ራሱ አስቦ የሚቆርጥና ለቆረጠውም ኃላፊ የሚሆን ሰው እንዲኖረን ከፈለግን፣ ልምምዱን ዛሬ በቤታችን እንጀምርለት።