የጣናን ዳርቻ በፎቶግራፍ ስለ መያዝ

ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የጨው ባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሰፊውን ውሃ ሁሉ ባሕር ይሉት ስለ ነበር፣ ጣና «ጣና ባሕር» ተባለ፤ በዳሩ ያደገችውም ከተማ ባሕር ዳር ተብላ ቀረች። ስለዚህ ስለ ባሕር ዳርቻ ፎቶግራፍ አነሣሥ መጻፍ የሚፈልግ የአብነት ተማሪ ከጣና የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነገር ማስረዳት ነው። አንደኛው፣ የዳርቻ ፎቶግራፍ ለምን እንደሚጠቅም፤ ሁለተኛው፣ እንዴት ቢነሣ ለሚጠቅመው ነገር የተገባ እንደሚሆን።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ በዘመተ ጊዜ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ጀምሮ እስከ መቅደላ ድረስ የሠራዊቱ መሐንዲሶች ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። እነዚህ ሥዕሎች በአገራችን ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች መካከል ናቸው። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እነዚያ ሥዕሎች የተነሡባቸውን ስፍራዎች ፈልገው አገኙ፤ በዚያው ቦታ ቆመውም እንደገና አነሡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስተያዩ፣ በትግራይ በብዙው ስፍራ ዛፉና ቁጥቋጦው ከያኔው ይልቅ ዛሬ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። አገሩ ቀድሞ ሁሉ ደን ነበረ፤ ከዓመት ወደ ዓመትም እየተራቆተ ሄደ የሚለው የብዙ ሰው አስተሳሰብ በዚህ ተናጋ። እንግዲህ ፎቶግራፍ ትዝታን ብቻ ሳይሆን የተሳሳተ ትዝታንም የሚያርም ምስክር ነው ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ አክሱም ነው። በ1898 ዓ.ም. የጀርመን የጥናት ጓድ የአክሱምን ሐውልቶች በዝርዝር ፎቶግራፍ አንሥቷል። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም የተወሰደውና በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው ሐውልት፣ ከመወሰዱ በፊት ተሰባብሮ በምድር ላይ እንደ ነበረ ያለ ክርክር የምናውቀው በእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ሆኖም ስፋቱን ያህል ጥልቀት የለውም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በምሥራቅ የፎገራ፣ በሰሜን የደንቢያ ሜዳ ዝቅተኛና ለጥ ያለ ስለ ሆነ፣ ውሃው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ዳርቻው ብዙ ይራመዳል ወይም ይሸሻል። ዛሬ ያየነው ዳርቻ ከጥቂት ወር በኋላ በዚያው ስፍራ ላይገኝ ይችላል።

ከዚህም በላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ታየ፤ በተለይም በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ እየሸፈነ ዓሣ አጥማጁንና ከብት አጠጪውን አስቸገረ። ጭስ ዓባይም ተለውጧል። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው በ1990ዎቹ ተጨመረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተከፍቶ ከሐይቁ በዋሻ ውሃ መውሰድ ጀመረ። ብርሃኑ ለአገር የሚያስፈልግ ነው፤ ነገር ግን በበጋ ወራት በፏፏቴው የሚወርደው ውሃ ቀድሞ ከነበረው እጅግ ያነሰ ሆነ። የወላጆቻችንን የቆየ ፎቶግራፍ ያላየ ልጅ፣ ገደሉ ከዳር እስከ ዳር በውሃ ተሸፍኖ እንደ ነበረ ቢነግሩት ለማመን ይቸገራል።

ጥቅሙ ይህ ከሆነ፣ አነሣሡስ እንዴት ይሁን? በጥንቱ ፊልምም ሆነ በዛሬው የእጅ ስልክ ሕጉ አንድ ነው፤ ፎቶግራፍ የብርሃን ሥራ ነው።

አንደኛ፣ የፀሐይን አቅጣጫ ማወቅ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ስለ ሆነች፣ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞረ ሰው ወደ ሰሜን ይመለከታል። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከቀኙ፣ ማታ ከግራው ትመጣለች። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የደሴቱን ዛፍና የማዕበሉን ሽብሽብ ጥላ እየሰጠ አጉልቶ ያሳያል። የተሻለው ጊዜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከአሥር ሰዓት ወዲህ ነው። በቀትር ግን ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ ጥላ ይጠፋል፤ ሥዕሉም ጠፍጣፋ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ውሃ ብርሃንን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ካሜራውን ያታልለዋል። ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልማል፤ በታንኳ ላይ ያለው ሰውም ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ብርሃኑን ከውሃው ላይ ሳይሆን ከሚፈለገው ነገር ላይ መለካት ነው። በእጅ ስልክ ከሆነ፣ በመስተዋቱ ላይ የሰውየውን ምስል በጣት መንካት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ይያዝ። ውሃው ከሰማይ ጋር የሚገናኝበት መስመር ከተጋደመ ሐይቁ የሚፈስ ይመስላል። በእንፍራዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራን ግንብ የመሰለ ከፍ ያለ ሕንጻ ሲነሣም፣ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ካደረግነው ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ራቅ ብሎ ወይም ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ ማንሣት ይሻላል።

አራተኛ፣ መጠን የሚያሳይ ነገር ይግባበት። ባዶ ውሃ ስፋቱ አይታወቅም። በደንገል የተሠራ ታንኳ ወይም አንድ ቀዛፊ በሥዕሉ ውስጥ ሲኖር ግን ተመልካቹ የሐይቁን ትልቅነት በራሱ ዐይን ይመዝነዋል።

አምስተኛ፣ ፈቃድና አክብሮት ይቅደም። በዘጌ እንዳለው እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ ገዳማት የመቅደሱ ግድግዳ በጥንት ሥዕል የተሸፈነ ነው። በፍላሽ ብርሃን ማንሣት ተገቢ ስላልሆነ፣ የገዳሙን አባቶች ሳይጠይቁ ካሜራ ማውጣት አይገባም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው፤ እኅቶቻችን እነዚህን ደሴቶች ከጀልባ ላይ ሆነው ማንሣት ይችላሉ። ገበሬውንም ዓሣ አጥማጁንም «ላንሣዎት?» ብሎ መጠየቅ የጨዋ ልጅ ወግ ነው።

ስድስተኛውና ዋናው ግን ካነሡ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆሙበት ስፍራና የተመለከቱበት አቅጣጫ ካልተጻፈ፣ ያማረውም ሥዕል ጌጥ እንጂ ምስክር አይሆንም። ለምሳሌ የእምቦጩን ዳርቻ በጥቅምት አንሥቶ በግንቦት ካነሡት ጋር ማወዳደር ያሳስታል፤ የውሃው መጠንም የአረሙም ብዛት በወራቱ ይለያያልና። ትክክለኛው መንገድ በያመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ማንሣት ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ስፍራውን አንሥቶ ቀኑን የጻፈ ሰው ዛሬ ሀብት አለው።

ጣና ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ወደዚያ መሄድም ለሁሉ ሰው በየጊዜው የሚቻል አይደለም። ልምምዱን ግን ከደጃችን መጀመር እንችላለን። በአብነት የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በልደታም ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው ፎቅ ቤቶች ቆሙ። ከዚያ በፊት ሰፈሩ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳይ ሥዕል በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ሳይኖር አይቀርም፤ ነገር ግን የብዙው ጀርባ ባዶ ነው።

ስለዚህ ወላጆችን አንድ ነገር እንለምናለን፤ የቆዩትን ፎቶግራፎች አውጥታችሁ ስፍራውንና ዓመቱን ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ በስተጀርባው በእርሳስ ጻፉ። ጓደኞቼ ሆይ፣ እናንተም በያመቱ በመስከረም አንድ የሰፈራችሁን ቦታ መርጣችሁ ከዚያው ስፍራ አንሡ። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ መዝገብ ተከፍቶ ሥዕሎቹ በዓመታቸው ሊቀመጡ ይችላሉ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ ቀኑና ስፍራው የተጻፈበት ፎቶግራፍም ከሚወረሰው ወገን ነው።