ምልክቱ የታለ? ስለ ምጣድ፣ ስለ ፋብሪካ ፍተሻና ስለ ቦይንግ

ሳኒቬል፣ ካሊፎርኒያ — ከአገር ቤት የሚመጣ ወገን ሁሉ በርበሬና ሽሮ ብቻ ይዞ አይመጣም። የኤሌክትሪክ ምጣድ አስጭኖ የሚመጣም አለ። በሳን ሆዜና በኦክላንድ ደግሞ ምጣዱን እያስመጡ ለመሸጥ፣ ወይም እዚሁ ለማምረት የሚያስቡ ወገኖች አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገና ከደጃፉ «ምልክቱ የታለ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

ለመሆኑ ይህ ምልክት ምንድን ነው? በቤታችሁ ያለውን የዳቦ መጥበሻ ገልብጣችሁ ብታዩ ክብ ውስጥ የገቡ ሁለት ፊደላት ታገኙ ይሆናል፤ ዩ.ኤል. ይባላል። ብዙ ሰው የመንግሥት ማኅተም ይመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ አዳራሾቹ በኤሌክትሪክ መብራት ተጥለቀለቁ። ቃጠሎ ቢነሳ ኪሳራውን የሚሸከሙት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሰጉና ዊልያም ሜሪል የተባለ ወጣት መሐንዲስ ሄዶ እንዲመረምር ላኩ። እሱ በማግስቱ ዓመት በ1894 የጀመረው ላብራቶሪ ነው ዛሬ ዩ.ኤል. የምንለው። ልብ በሉ፤ ነገሩ የተወለደው ከመንግሥት ደግነት ሳይሆን ቤት ሲቃጠል ከኪሱ ከሚከፍል ሰው ፍርሃት ነው።

ዛሬ ዩ.ኤል. ብቻውን አይደለም። ኢ.ቲ.ኤል. የሚለውን ምልክት የሚሰጠው ኢንተርቴክ፣ የካናዳው ሲ.ኤስ.ኤ. እና ሌሎችም በፌዴራሉ የሥራ ቦታ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ በኦሻ፣ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ዋጋ አወዳድሮ መምረጥ ይቻላል።

ምጣዱን እንውሰድ። የአገር ቤቱ ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ነው። እዚህ ግድግዳ ላይ ያለው ተራ ሶኬት ግን 120 ቮልት፣ 15 አምፔር ነው፤ ቢበዛ 1,800 ዋት። ታዲያ አንዳንዱ ወገን ምን ያደርጋል? ስፒናውን ቆርጦ የልብስ ማድረቂያ ስፒና ይቀጥልበታል። የማድረቂያው መስመር ብሬከር አብዛኛውን ጊዜ 30 አምፔር ነው። የምጣዱ ገመድ ከአቅሙ በላይ ቢግልም ብሬከሩ ገና አልደረሰብኝም ብሎ ዝም ይላል። ቃጠሎ የሚጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው።

(በነገራችን ላይ እዚህ አገር ብዙዎቻችን የምንጋግርበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በአዮዋ የሚገኘው ቤታኒ የተባለ ኩባንያ የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሴ ለሚሉት ቂጣ የሠራው ነው። ገበያው እንዳለ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?)

ምጣዱ ወደ ላብራቶሪ ሲገባ የቤት ማብሰያ ደረጃ በሆነው ዩ.ኤል. 1026፣ ለምግብ ቤት ከሆነ ደግሞ በ197 ይመዘናል። በሽቦውና በብረት አካሉ መካከል ከፍተኛ ቮልት ይለቀቅበታል። ወደ ሰው እጅ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ይለካል። ገመዱ ይጎተታል። ባለቤቱ ረስቶት እንደወጣ ተቆጥሮ ለብቻው ሲነድ ይታያል። ካለፈ እያንዳንዱ ክፍል፣ የሽቦው ውፍረት፣ የማብሪያ ማጥፊያው አምራችና ቁጥር ሳይቀር በሰነድ ይሰፍራል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላቸዋል። ዋናው ነገር ግን ገና መጀመሩ ነው። ፈታሹ ሰነዱን ይዞ ወደ ፋብሪካው ይመጣል፤ በዩ.ኤል. አሠራር አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አራት ጊዜ፣ ሳይነግር። ከመስመሩ ላይ ዕቃ አንስቶ ይፈታል፤ ከሰነዱ ጋር ያስተያያል። መፈተሻ መሣሪያው ራሱ ልኬቱ የታረመበት ቀን አልፎ እንደሆነ ይጠይቃል። አምራቹ ርካሽ ማብሪያ ማጥፊያ ተክቶ ከተገኘ ይጻፍበታል፤ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ምልክቱ ከዕቃው ይነሳል፣ ጭነቱም ይቆማል። «ሥራ አስኪያጁ የለም፣ ነገ ተመለስ» ማለትም ራሱ ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል። እኛ የምናውቀው ጉብኝት አስቀድሞ የሚነገር፣ ግድግዳ የሚቀባለት፣ ምሳ የሚዘጋጅለት ነውና ይህን መልመድ ይከብደናል።

ፈታሾቹ ቅዱሳን ናቸው እያልኩ አይደለም። ሒሳቡን የሚከፍለው ራሱ ፋብሪካው ነው፤ ዩ.ኤል. ሶሉሽንስም በ2024 በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገብቷል። ልዩነቱ ፈታሹ የፋብሪካው ተቀጣሪ አለመሆኑ፣ ምልክቱን መንጠቅም መቻሉ ነው።

ይህ ልዩነት ሲጠፋ የሚሆነውን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎችን ይዞ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ የምስክር ወረቀት አልጎደለውም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አጽድቆታል። ነገር ግን ከማጽደቁ ሥራ ብዙውን በአስተዳደሩ ስም የሚሠሩት ደመወዛቸውን ከቦይንግ የሚቀበሉ የቦይንግ ሠራተኞች ነበሩ። አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋው ኤምካስ የተባለ ሥርዓት በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ እንዲመራ ተደርጎ አለፈ። ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች በዚያው ምክንያት አልቀው ነበር። ምክር ቤቱ ውክልናውን የሚያጠብቅ ሕግ ያወጣው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ከአንድ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ አውሮፕላን ላይ የበር መድፈኛው በአየር ላይ ተገንጥሎ ሲወድቅ ደግሞ አራት ብሎኖች እንዳልታሰሩ ታወቀ። አስተዳደሩ ተጨማሪ ተቆጣጣሪዎችን ወደ ፋብሪካው ወለል የላከው ከዚያ በኋላ ነው።

በአገር ቤትም ቢሆን እስከ 2003 ዓ.ም. ደረጃ የሚያወጣውም፣ ዕቃ የሚፈትሸውም፣ የምስክር ወረቀት የሚሰጠውም የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ነበር። በዚያ ዓመት ለአራት ተከፈለ፤ መከፈሉ ትክክል ነው። ሆኖም አራቱም የመንግሥት ናቸው። የሚፈተሸው ፋብሪካም የመንግሥት ሲሆን «አይሆንም» የሚለው ማን ነው?

ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ምጣድ ስትገዙ ምልክቱን ገመዱ ላይ አትፈልጉ፤ ገመዱ ብቻውን ምልክት ያለው፣ ዕቃው ግን ያልተፈተሸ ሞልቷል። ምልክቱ ራሱ አካሉ ላይ ከነቁጥሩ ይሁን፤ ቁጥሩንም በላብራቶሪው የሕዝብ መዝገብ ማጣራት ይቻላል። ሲ.ኢ. የሚለው የአውሮፓ ምልክት ለአብዛኛው የቤት ዕቃ አምራቹ ራሱ ስለራሱ የሚሰጠው ቃል ነው፤ እዚህ አያገለግልም። ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ የካውንቲው የጤና ተቆጣጣሪ ኤን.ኤስ.ኤፍ.ን የመሰለ የንጽሕና ምልክትም ይጠይቃችኋል። ምልክት የሌለው ምጣድ ገዝታችሁ ከሆነ ላብራቶሪው ኩሽናችሁ ድረስ መጥቶ የኤሌክትሪኩን ነገር መርምሮ ተለጣፊ ሊሰጣችሁ ይችላል። ያ ተለጣፊ ግን ለዚያ አንድ ምጣድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ስትገዙ እንደገና ትጠሩታላችሁ፣ እንደገናም ትከፍላላችሁ።