ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ከሚኖሩ ወዳጆቼ በብዛት የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዴስክቶፑ ዝም ብሎ ስታክ ያደርጋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ራሱ ይጠፋል። ምን ይሻላል?» ተከትሎ የሚመጣው መልስም ሁሌ ያው ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!» ፋይሉ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፣ ለፉንዲው (ለጠጋኙ) ይከፈላል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ደህና ይሠራና ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ቢመለስ አይግረማችሁ። ፎርማት የሚነካው ሶፍትዌሩን ብቻ ነው። የደከመ ፓወር ሰፕላይ አያድስም፣ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ አያጸዳም፣ የተበላሸ ራም አይጠግንም። ደግነቱ ኮምፒውተር ሲወድቅ ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱን ለማንበብም ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

መጀመሪያ አወዳደቁን ለዩ። በአንዴ ድርግም ብሎ ከጠፋ መብራቱን፣ ፓወር ሰፕላዩን ወይም ሙቀቱን ጠርጥሩ። ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ዊንዶውስ ራሱ ስህተት አይቶ ነው ያቆመው፤ ኮዱን ወዲያው በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ለጥቂት ሰከንድ ደርቆ የሚመለስና በዚያን ጊዜ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ የሚበራ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ያዘነብላል። ምስሉ እንዳለ ደርቆ ከቀረ ደግሞ የኪቦርዱን ካፕስ ሎክ ጫን ጫን አድርጉት። መብራቱ ከበራና ከጠፋ ማሽኑ በሕይወት አለ። ያን ጊዜ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የ«ቢ» ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ እንደገና ያስነሳሉ። ምስሉ ከተመለሰ ጥፋቱን ከግራፊክስ ካርዱና ከድራይቨሩ ፈልጉ። ካፕስ ሎኩ ምንም ካልመለሰ ግን የቆመው ማሽኑ በሙሉ ነው።

ቀጥሎ ማሽኑ የመዘገበውን አንብቡ። ኢቨንት ቪወር የሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ብዙ ሰው «አሃ! ፓወር ሰፕላዩ ነው» ብሎ ገንዘቡን ይዞ ወደ ገበያ ይሮጣል። ጽሑፉ ግን የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ቀረ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ከፍታችሁ «በግቼክ ኮድ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር እዩ። ዜሮ ካልሆነ ሰማያዊ ስክሪን ነበረ ማለት ነው። ዜሮ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ስህተቱን ለመመዝገብ እንኳ ፋታ አላገኘም፤ ስለዚህ ከመብራትና ከሃርድዌር ጀምሩ።

ናይሮቢ ላይ መብራትን ማስቀደም ተገቢ ነው። የኬንያ መብራት 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ደህና የሚባል ፓወር ሰፕላይ ደግሞ መብራት ሲቋረጥ ማሽኑን ይዞ የሚቆየው 16 ወይም 17 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። እንግዲህ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲመለስ እናንተ ልብ ላትሉት ትችላላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጠፍቶ ተነስቷል።

ይህ መብራት ከእኛው አገር ከኢትዮጵያ ጋርም የተሳሰረ ነው። ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስካለው ሱስዋ በተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የ500 ኪሎቮልት መስመር የኢትዮጵያ ኃይል ወደ ኬንያ ይገባል። መስከረም 6 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጠዋት ከቱርካና የንፋስ ኃይል ማመንጫ የሚመጣው መስመር ሱስዋ ላይ ተቋረጠና 288 ሜጋዋት ጠፋ። ያንን ተከትሎ 200 ሜጋዋት ይዞ የነበረው የኢትዮጵያ መስመርም ወጣ፤ አብዛኛው ኬንያም ጨለመ። ሩቅ ቦታ የሚፈጠር መናጋት ሳሎናችሁ ካለው ሶኬት ድረስ ይመጣል።

ምክንያቱ እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ሊሆንም ይችላል። በብዙ የናይሮቢ አፓርታማ ያለው፣ ውሃ በቅጽበት የሚያሞቀው ሻወር 5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰው ሻወር በገባ ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚጠፋ ከሆነ መነሻውን አገኛችሁት ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩን ከማከፋፈያው ነቅላችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ ቀጥሎ በሌላ ክፍል ሶኬት ሞክሩት። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የባዮስ ገጽ ላይ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 መሆን አለበት፤ ከዚህ ከወጣ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሩ። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል። አቅሙ ያላችሁ መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ግዙ፤ ናይሮቢ ላይ ለዴስክቶፕ ከዚህ የተሻለ ወጪ የለም።

ሙቀት ሁለተኛው ተጠርጣሪ ነው። ናይሮቢ ቀዝቀዝ ያለ ከተማ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። ከተማው ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስላለ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በዚያ ላይ በኪሌሌሽዋ የድሮዎቹ ባለ ግቢ ቤቶች እየፈረሱ ሕንጻ የሚወጣባቸው መንገዶች አቧራ አለ። የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን ክፈቱና የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ እዩ፤ በማራገቢያውና በብረት ክንፎቹ መካከል አቧራው ግራጫ ምንጣፍ ሠርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ማራገቢያውን በጣት ይዛችሁ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት። ከዚያ ሙቀት የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ጫኑ፤ ሥራ ሲበዛ ፕሮሰሰሩ 95 ወይም 100 ዲግሪ የሚነካ ከሆነ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ይለወጥ።

ሦስተኛው ራም ነው፤ አስቸጋሪነቱ መልኩን መለዋወጡ ላይ ነው። ዛሬ ብራውዘሩ ይዘጋል፣ ነገ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ፋይል ይበላሻል። አንዲት ቢት ብቻዋን ምን ልታደርግ እንደምትችል እዩ፦ በ2003 እ.ኤ.አ. የቤልጂየም ምርጫ ስካርቤክ በተባለች የብራስልስ ክፍል አንዲት ተወዳዳሪ 4,096 ድምፅ በትርፍ ተቆጥሮላት ተገኘ። ቁጥሩ 12 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚመጣው ነው፤ ያ ደግሞ አንዲት ቢት ከዜሮ ወደ አንድ መገልበጧን ይጠቁማል። ራማችሁን ለመመርመር ሜምቴስትን በፍላሽ ጭናችሁ ሌሊቱን ሙሉ አሠሩት፤ አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ራሙ ደህና አይደለም። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥታችሁ በአንዱ ብቻ ለቀናት ተጠቀሙ፣ ከዚያ አቀያይሩ። ከመንካታችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉ፣ የሳጥኑንም ብረት ንኩ።

ዲስኩን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እዩት። «ኮሽን» ወይም «ባድ» ካለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ።

ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. ያመነውን ችግርም እወቁ። የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ አንዳንድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር። ኩባንያው በነሐሴ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው የሚገባው በባዮስ አፕዴት ነው፤ አንዴ የተጎዳውን ፕሮሰሰር ግን አያድነውም። የእነዚህ ማሽኖች ባለቤቶች ስንት ጊዜ በከንቱ ፎርማት እንዳደረጉ አስቡት።

ታዲያ ፎርማት የሚገባው መቼ ነው? ኡቡንቱ የሚባለውን ነጻ ሲስተም በፍላሽ ጭናችሁ፣ ዲስኩ ላይ ሳትጭኑት፣ ኮምፒውተሩን በእሱ ለጥቂት ቀናት ተጠቀሙ። በዚያም ከቆመ ጥፋቱ ከዊንዶውስ አይደለም። በኡቡንቱ ሰላም ሆኖ በዊንዶውስ ብቻ የሚቆም ከሆነ፣ ዲስኩም ጤነኛ ከሆነ፣ መጀመሪያ ድራይቨሮቹን አድሱ፤ ፎርማት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል የማይጣስ ሕግ አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ራሙንም፣ ገመዱንም፣ ድራይቨሩንም በአንድ ቀን ከነካካችሁ ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አታውቁም። ደብተር ያዙ፤ የቆመበትን ቀንና ሰዓት፣ ያን ጊዜ ምን ትሠሩ እንደነበር፣ ምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። ፉንዲ ጋ መሄድ ግድ ቢሆንም ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ቅዱ፣ «ፎርማት ይደረግ» ሲላችሁም ምክንያቱን ጠይቁት።